በጭላሎ የተፈታው በግ

የአባቴ ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹም ነበር። በዓመት አንዴ፣ ጥምቀት ሲያልፍ፣ አየር ልለውጥ ብሎ አሰላ ይመጣል። የሚለወጠው የሱ አየር ብቻ ነው፤ የኛ ቤት እሱ ከገባ ጀምሮ ይታፈናል። እናቴ አልጋዋን ትለቃለች፣ አባቴ በማያስቅ ቀልድ ይስቃል፣ እኛ ልጆች ድምፃችንን አጥፍተን በጓሮ በኩል እንዞራለን።

በዚያ ዓመት ግን ሁላችንም አብረነው ጭላሎ ተራራ ወጥተን እንድንዝናና ፈቀደ። አባቴ በደስታ የሚሆነውን አጣ። እኔ አሰላ ያለውን ትምህርት ጨርሼ ነበር፤ አጎቴ ወስዶ እቤቱ አስቀምጦ እንዲያስተምረኝ አባቴ ለወራት በደብዳቤ ሲለማመጠው ከርሟል። ስለዚህ ሽርሽሩ ለአጎቴ ሽርሽር ነበር፣ ለኛ ደጅ ጥናት።

ተራራው ላይ የምናርፈው በአባቴ ወዳጅ ቤት ነው። ሰውዬው የአርሲ ኦሮሞ ነው፤ ገብስ እየዘራ፣ ከብት እያረባ የሚኖር እስላም። ከአባቴ ጋር ገበያ ላይ ተዋውቀው እንደ ወንድማማች ሆነዋል። ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን። እነሱ ግን መላ አበጅተውለታል። እኛ ስንሄድ በጉን አስሮ ይጠብቀንና ቢላዋውን ለአባቴ ይሰጠዋል። እሱ አሰላ ሲመጣ ደግሞ እናቴ እስላም ጎረቤታችንን ጠርታ ታሳርዳለች፣ በሌላ ድስት ትሠራለታለች። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት ስንጠያየቅ ማንም ጦሙን አድሮ አያውቅም።

የዚያን ቀንም በጉ ደጃፉ ላይ ታስሮ ጠበቀን። ሚስትየዋ ጭኮውን፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽታ፣ አዘጋጅታለች። አጎቴ ከበቅሎ ወርዶ ገደሉን፣ ጉሙን፣ የአስታውን ቁጥቋጦ ሁሉ ፎቶ አነሳ። ቆመው የሚጠብቁትን ሰዎች አላነሳም።

ሰውዬው ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙሮ ለአጎቴ ዘረጋለት።

«ታላቅ አንተ ነህ። አንተ ባርከህ እረድ» አለው።

አጎቴ እጁን ኪሱ ከተተ። «በዚህ ስንት የእስላም ከብት ታርዶበታል» አለ። የተናገረው ለአባቴ ነው፤ ሰውዬው ግን አማርኛ አሳምሮ ይሰማል። ከዚያ ወደ እሱ ዞር ብሎ «እኛ ምሳ ይዘን መጥተናል» አለውና እናቴን ቅርጫቱን እንድትከፍት አዘዛት። በሰው ደጅ፣ ሳሩ ላይ፣ ዳቦና ሰርዲን ተዘረጋ።

ቢላዋው ወደ አባቴ ዞረ። የዓመታት ልማዳቸው ነው፣ ተቀብሎ ማረድ ብቻ ነበር።

«ተቀበለው እንጂ» አለችው እናቴ ቀስ ብላ።

አባቴ ወንድሙን አየ፣ እኔን አየ፣ መጨረሻ ላይ መሬት መሬቱን አየ። «ዛሬስ ይቅር፣ ደክሞናል» አለ። በበቅሎ ነበር የመጣው።

ሰውዬው ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ አስገባ፣ ጎንበስ ብሎ የበጉን ገመድ ፈታ። በጉ ትንሽ ቆም አለና ወደ መንጋው ሄደ። እናቴ ቅርጫቱን ትታ ተነሳች፣ ቤት ገብታ ከሴትየዋ ጋር ጭኮ በላች። «እሷ ደግሞ» አለ አጎቴ አፉን እየጠረገ። የሰርዲን ሽታ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል።

አጎቴ ስለኔ ሲጠየቅ «እናያለን» ብሎ ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንዳየ ሞተ። ከዚያ ሽርሽር በዓመቱ የጭላሎ ብርድ ጉልበቴን ያዘኝ ብሎ ሽርሽሩን ወደ ቢሾፍቱ አዞረ። አባቴ ነገሩ በተነሳ ቁጥር «ለልጄ ስል ነው» ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚህ በዚህ እናደድበታለሁ። ወዳጅህን አዋርድልኝ ያለው ሰው የለም።

ለዚያው ዓመት ፋሲካ እናቴ እንደ ወጉ ለጭላሎው ሰውዬ ላከችበት። ይቀራል ብለን ነበር፣ መጣ። ጎረቤታችን አርዶለታል፣ ወጡም ለብቻው ተሠርቷል። ለእናቴ ቅቤ ይዞላት መጥቷል። የሁላችንንም ጤና አንድ በአንድ ጠየቀ፣ አባቴንም ጭምር። እናቴ ምግቡን ስታቀርብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት፣ ከትከሻው የቆዳ ከረጢቱን አወረደ፣ ከውስጡ የተቆላ ገብስ ዘገነ።

«እኛም ምሳ ይዘን መጥተናል» አለ፣ ብቻውን ሆኖ።

አባቴ ፊት ቁጭ ብሎ ገብሱን ቀስ እያለ ቆርጥሞ ጨረሰ። እጁን አራገፈ፣ ተሰናበተን፣ ወጣ። አባቴ ሊሸኘው ብድግ አለና በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ያን ሥጋ እኛ አንበላውም፤ እናቴ ከነድስቱ ለጎረቤታችን ላከችው።