በቁሙ የመጣ ዶሮ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ አንድ መልእክት ጢን ብሎ ገባ። የምንኖርበት ግቢ በቅርቡ ያመጣው አሠራር ነው። እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው ስሙን ያስገባል፤ እኛ ስልክ ላይ "ይግባ" እና "አይግባ" የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይመጣሉ። ልጄ ቀና እንኳ ሳትል "አይግባ" የሚለውን ነካችው። በኋላ ሲጣራ፣ ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ ስለምነው የከረምኩት የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ኖሯል። ልቆጣት አልኩና ተውኩት። እኔም በእሷ ዕድሜ ያንኑ ሠርቻለሁ፤ ያውም ማን እንደመጣ ጠንቅቄ እያወቅሁ።

ያደግነው ቦሌ ሚካኤል ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በአንድ ብየዳ ቤትና በአንድ መኪና ቀለም ቀቢ መሃል። ቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። እትዬ ዘይነባ በልጅነታቸው ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ በራቸው ላይ ከስኳር እስከ ክርና መርፌ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ከእናቴ ከአስካለ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖረዋል። ወንድሜን ናሆምን ስትወልድ ታክሲ ለምነው ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው፤ አባቴ እቃ ሊያመጣ ናዝሬት ሄዶ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እናቴ ስታስል "ዝንጅብል ልላክልሽ?" የሚል ድምፅ ከወዲያ ይመጣል። ሚስጥር የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ቢኖረንም እትዬ ዘይነባ ቀድመው ይሰሙት ነበር።

በዓል ሲመጣ ግን አንድ ነገር ይለያቸዋል፤ ቢላ። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። ስለዚህ በሰፈራችን የበዓል ስጦታ የሚሰጠው በቁሙ ነው። የፋሲካ ዋዜማ እትዬ ዘይነባ አንድ አውራ ዶሮ እግሩን አስረው ከነነፍሱ ያመጡልናል፣ እኛ በራሳችን ቢላ ባርከን እናርደዋለን። ለአረፋ ደግሞ እናቴ በተራዋ ዶሮ ታቅፋ ትሄዳለች። በር ላይ የሚባለውም አንድ ነው፤ "እንኳን አደረሳችሁ፤ ይኸው በቁሙ።" ትንሽ ልጅ ሳለሁ ለምን እንዲህ እንደሚደረግ እናቴን ብጠይቃት "መዋደድ ነው፤ ዝም ብለሽ ዶሮውን ያዢ" አለችኝ።

ከዚያ ሰፈር ያስወጣን የናሆም ደረት ነው። አስም ነበረበት። ቀለም ቀቢው መርጨት በጀመረ ቁጥር ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ እናቴ አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ትሮጣለች። አባቴ የመኪና ዕቃ ንግዱ በቀናው ዓመት፣ ከገርጂ ወዲያ አዲስ በተሠራ የታጠረ ግቢ ውስጥ ቤት ገዛ። ስለ እንዲህ ያለ ግቢ ሰው ክፉ ሲያወራ ስሰማ ዛሬም ቶሎ አልስማማም። በገባን በሦስተኛው ወር ናሆም ብስክሌት መንዳት ጀመረ። ያ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቁጭ የሚል ልጅ፣ ከመኪና ሳይጋፋ፣ ጭስ ሳይውጥ፣ ግቢውን ሦስቴ ዞሮ ቀይ ፊት ይዞ ሲመጣ እናቴ ደጅ ቆማ ታለቅስ ነበር። ውኃ አይጠፋም። መስኮት ተከፍቶ ይታደራል። ይህን ሁሉ ያገኘነው በዚያ አጥርና በዚያ በር ነው፤ መካድ ነውር ይሆንብኛል።

ግቢው ግን ዝም ያለ ነበር። ጎረቤት የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በቤት ቁጥሩ ነው፤ እኛ "ሃያ ሰባቶች" ነበርን። አንድ ቀን ጨው ያለቀባት እናቴ ሲኒ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆመች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ የትኛውን በር እንደምታንኳኳ ግራ ገባት። መጨረሻ ላይ እኔን ከግቢ ውጪ ወዳለ ሱቅ ላከችኝ። እኔ በበኩሌ ዝምታውን ወድጄው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ቤት ቁጥር ሠላሳ የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች ጓደኛ አድርገውኛል፤ ፀጉራቸው የሚሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው፣ ሲያወሩ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የት እንዳደግሁ ሲጠይቁኝ "ቦሌ" አልኳቸው። ሚካኤልን ዋጥኩት።

የመጀመሪያው ፋሲካችን መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቄጠማ ልትገዛ ወጥታለች፣ እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እህትማማቾቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን እየጠራረጉ ይስቁብኛል። የበሩ ስልክ ግድግዳው ላይ ጮኸ። ጋሽ በየነ ነበሩ፣ የበሩ ጥበቃ፤ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት።

"ሃያ ሰባት? አንዲት እናት መጥተዋል። ዶሮ ይዘዋል። እንስሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብላቸው፣ እናንተን ጥራልኝ አሉ። ታውቋቸዋላችሁ?"

ታላቅየዋ ከት ብላ ሳቀች። "ዶሮ? ይሄ ሾላ ገበያ መሰላቸው እንዴ!"

ፊቴ ነደደ። እትዬ ዘይነባን በዓይኔ አየኋቸው፤ ሻርፓቸውን፣ የፕላስቲክ ጫማቸውን፣ በብብታቸው ሥር ያለውን ዶሮ። ሁለት ታክሲ ቀይረው እንደመጡ አውቃለሁ። "ተሳስተው ይሆናል" አልኩ። "አናውቃቸውም።"

"እሺ" አሉና ዘጉት። ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ሽንኩርቱ ውለታ ዋለልኝና ማንም ለምን ታለቅሻለሽ አላለኝም።

እናቴ ቄጠማዋን ታቅፋ ስትገባ ጓደኞቼ ሄደው ነበር። ቄጠማውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና "ዘይነባ አልመጣችም?" አለችኝ።

"አልመጡም።"

"እንግዲህ ጉዳይ ገጥሟት ይሆናል" ብላ እጇን ልትታጠብ ሄደች። የዚያን ፋሲካ ዶሮ ወጥ እንዴት እንደበላሁት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት አለፉ። እናቴ አልፎ አልፎ፣ ልብስ እያጣጠፈች ወይም ሩዝ እየለቀመች፣ "ዘይነባ የተቀየመችን ይመስለኛል" ትላለች። "ሰፈር ቀይረው ሰው ጠሉ ብላ ይሆናል።" አንድ ጊዜ "ብቅ ብለሽ አትጠይቂያትም?" አለችኝ፤ ፈተና አለብኝ ብዬ አመለጥኩ። የገረመኝ እሷ ራሷ አለመሄዷ ነው። እናቴ ኩርፊያ አታውቅም፤ ተጣልታ ሳታድር ነበር የምትታረቀው። ጉዳዩ ቢከብዳት ነው አልኩ። ሃያ ዓመት የኖረ ወዳጅነት በአንድ ቃሌ ሊፈርስ ነው፤ ይህን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እውነቱን ብናገር እናቴ ዓይኔን ማየት የምትጠላ መሰለኝ። ዝም ብል ደግሞ ሁለቱ ሴቶች እንደተኳረፉ ሊሞቱ ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ቀድሞ ጀመረ። አንድ ማታ እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማ "ነገ መውሊድ ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

በማግስቱ ከገርጂ ገበያ አንድ ነጭ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ለመውሊድ ዶሮ መውሰድ ልማዳችን አልነበረም፤ ባዶ እጄን ፊታቸው መቆም ስለፈራሁ ነው። ታክሲ ውስጥ ዶሮው ጭኔ ላይ ሲንፈራገጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "ይሄ ልጅ ወንበር ይያዝለት እንጂ" አሉ። "ግድ የለም፣ በቁሙ ይሄዳል" አልኳቸው። ታክሲው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወርጄ ጭቃውን እያቋረጥኩ ብየዳ ቤቱ ጋ ስደርስ ግን እርምጃዬን ቀነስኩ።

እትዬ ዘይነባ ሱቃቸው ውስጥ ስኳር እየቋጠሩ ነበር። ሰላምታም አልሰጠሁ። "እትዬ፣ ያን ቀን አናውቃቸውም ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩና ከነዶሮዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ስኳሩን ቋጥረው ጨረሱ። "አንቺ መሆንሽንማ ሰምቻለሁ" አሉ። "የዘበኛው ስልክ እኮ ሰፈር ያሰማል። አሥራ ሰባት ዓመት በግድግዳ የሰማሁትን ድምፅ በሽቦ ሲመጣ ይጠፋኛል እንዴ?"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ታክሲ ውስጥ ስመለስ ዶሮውን እያየሁ አለቀስኩ። ሰዉ ዶሮዋ ታሞባት ነው ብሎ ሳያስብ አይቀርም።" ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አንድ ትልቅ ገብስማ አውራ ዶሮ በርሜሉ ሥር ይጭራል። "ያውልሽ የእናንተው። ለእናንተ የገዛሁትን ቢላ አላነሳበትም አልኩ። ይኸው ሰባት ሳምንት ሰፈሩን እያወከ ተቀመጠ።"

ነጩን ስንለቀው ሁለቱ ዶሮዎች ወዲያው ተዋጉ። እየሳቅን፣ ጭቃ ላይ እየተንሸራተትን ለያየናቸው። ልሄድ ስል እትዬ ዘይነባ "ለእናትሽ ያን ዕለት ታምሜ ነበር በያት" አሉኝ። "የቀረውን ለእኔ ተይው።"

ገብስማውን ታቅፌ የግቢያችን በር ደረስኩ። ጋሽ በየነ አዩኝ፣ ዶሮውን አዩ። "ጋሼ፣ ይሄ ዶሮ የእኛ ነው" አልኩ። "ያመጡልን ሴትዮም የእኛ ናቸው።" እሳቸው ማስታወሻቸውን ገልጠው ቀስ ብለው ጻፉ። "'ሥጋ' ብዬ ጽፌዋለሁ" አሉኝ። "እስከ ነገ ውሸት እንዳይሆንብኝ አደራ።"

እናቴ በር ስትከፍት ዶሮውን አየችና "ወፍሯል" አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ታምመው ነበር አልኳት፤ "እኔን" አለች። በሚቀጥለው እሁድ እትዬ ዘይነባ መጡ። ጋሽ በየነ ሳይደውሉ አሳለፏቸው፣ ሁለቱ ሴቶችም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው እስኪመሽ አወሩ። ከዚያ ወዲያ ሁሌም ለፋሲካ መጥተዋል።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። እትዬ ዘይነባ ያ ሰፈር ሲፈርስ በደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ያው ነው። እሁድ ሄድኩና ልጄ የሠራችውን አጫወትኳቸው። ሳቁ፣ ሳቃቸው ሲበርድ ግን ፈራ ተባ እያሉ "እናትሽ አሁን ስለሌለች ልንገርሽ" አሉ። "አስካለ ታውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ያን ቅዳሜ ቄጠማ ይዛ ስትገባ ዘበኛው በር ላይ ነግረዋታል።"

እንግዲህ ቄጠማውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ "ዘይነባ አልመጣችም?" ስትለኝ እያወቀች ነበር የጠየቀችኝ። እንድናገር ዕድል ሰጠችኝ፣ እኔ አልመጡም አልኳት።

"በማግስቱ ከፋሲካው ገበታ ተነስታ እኔ ጋ መጣች" አሉ እትዬ ዘይነባ። "እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ዶሮሽን ውሰጂ ስላት እምቢ አለች። 'ራሷ ልጄ መጥታ ትውሰደው፤ እኔ ከተቆጣኋት እኔን ፈርታ ነው የምትመጣው' አለች። በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ለዶሮው ጥሬ የምትበትንለት እሷ ናት፤ እኔማ ለእንስሳ ትዕግሥት የለኝም።"

ናሆም ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት፣ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፤ ያ አጥር ለእኔ ለዘላለም የዚያ ትንፋሽ ባለውለታ ነው። በዚያው አጥር ውስጥ ግን ሰው ሳይነካን፣ ማንም ሳይሰማን፣ በአንዲት ቃል ሰውን መካድ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ተምሬያለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት እናቴን የደበቅኋት መስሎኝ ኖርኩ። አሁን ይቅርታ ልጠይቃት ብል የለችም። እሷ ግን ያኔ፣ ቦሌ ሚካኤል ጓሮ ውስጥ ጎንበስ ብላ ጥሬ እየበተነች፣ ይቅር ብላኝ ጨርሳ ነበር፤ የቀራት የእኔ መምጣት ብቻ ነበር።