አፉ ያልኳቸው እናት

ይህን የምነግራችሁን ነገር ሚስቴ አታውቅም። እናቴም ሳታውቀው ሞተች። ከሶላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ብቻዬን ስቀር እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ ቀጥ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። አላህ ያውቀዋል እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ። አላህማ ያውቀዋል። ማወቅ የነበረባቸው ግን አንዲት እናት ነበሩ፤ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ቡታጅራ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ተሳፋሪዎቼ "ኤሊው" ይሉኛል። "ነስሩ፣ ኧረ በእግራችን ብንሄድ እንቀድምህ ነበር" እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚልኩት በእኔ ባጃጅ ነው። "ረጋ ያለ ነው፣ አላህን የሚፈራ ነው" ይሉኛል። ይህን ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ ታውቃላችሁ? የሰረቀበትን ቤት እንዲጠብቅ የተቀጠረ ሌባ የሚሰማውን ይመስለኛል።

ኤሊው ከመባሌ በፊት "ጥይቱ" ነበርኩ። እንሴኖ ውስጥ ጥይቱን የማያውቅ አልነበረም። አዲስ አበባ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ ሥራ እንድይዝበት ብሎ ሞተር ገዛልኝ፤ እኔም ከእንሴኖ ቡታጅራ ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። "እዚህ የተቀዳላችሁ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ቡታጅራ ትደርሳላችሁ" ብዬ እፎክር ነበር። ሴቶች ሲያዩኝ እጆቼን ከመሪው ለቅቄ ጸጉሬን አበጥራለሁ። ሄልሜት ነበረኝ፤ ክርኔ ላይ አንጠልጥዬው ነበር የምነዳው። ጭንቅላቴ ላይ የማደርገው ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሳይ ብቻ ነው። ሰው ሲቆጣኝ "ሞት ከሆነ አልጋ ላይም አለ" እል ነበር። በሰው ሞት መቀለድ እንዴት ቀላል ነበር!

ጀማል ጓደኛዬ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው። አብረን ቁርአን ተምረናል፣ ከዑስታዙ ዱላም አብረን ሸሽተናል። የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አያወልቅም ነበር፤ ሰርግ ሲሄድ እንኳ ረስቶት ይሄዳል። ፍጥነት አይወድም። ከኋላዬ ሲፈናጠጥ ጃኬቴን በሁለት እጁ ጨምድዶ ነው የሚይዘኝ። እኔ ደግሞ በዚያ እስቅበት ነበር። እንዲያውም እሱን ስጭን አብዝቼ እፈጥን ነበር፤ ይህንንም ልናገረው።

ያን ቀን ለሱሪ የሚሆን ገበር ሊገዛ ቡታጅራ እንድወስደው ጠየቀኝ። የበርበሬ ወቅት ነው። በዚያ ወቅት መንገዳችንን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የአስፋልቱ ዳርና ዳር ቀይ ነው። አስፋልቱ ስለሚሞቅ በርበሬው ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ በመንገዱ ዳር ማሳ ያለው ሁሉ ዛላውን እዚያው ያሰጣል። መኪና እንዳይረግጠው ድንጋይ ይደረድርበታል። ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው፤ ማንም ነውር ብሎት አያውቅም።

ከእንሴኖ ወጣ እንዳልን ከቆሼ ከተማ የሚመጣ ሚኒባስ ቀደመን። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ጥይቱ! ዛሬ ዝገሃል እንዴ?" አለኝና ሳቀ። ተሳፋሪዎቹም ሳቁ። ረዳቱን እየወቀስኩ አይደለም። እንደዚያ ያለ ቀልድ በቀን ስንት ጊዜ ይወረወራል። የከነከነው እኔን ነው፤ ያባረርኩትም እኔ ነኝ።

ጀማል ጃኬቴን ሳብ አደረገኝ። "ተወው ነስሩ፣ ቀስ በል" አለኝ። ነፋሱ አላሰማኝም ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ውሸት ነው። ሰምቼዋለሁ። መልሴ ጋዙን እስከ መጨረሻው መጠምዘዝ ነበር።

ሚኒባሱን ልቀድም የወጣሁት ኩርባ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ የጭነት መኪና መጣ። መመለሻ አልነበረኝም፤ ወደ ግራ ሸሽቼ ከአስፋልቱ ወጣሁ። የፊት ጎማዬ የኪሎ ሜትር ድንጋይ መታ። ያኔ በርበሬው ገና ከፊታችን ነበር። እባካችሁ ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የዚህ ሁሉ ኃጢአት መነሻዋ እሷ ናት። በርበሬው ገና ከፊታችን ነበር። ሞተሩ ከተገለበጠ በኋላ ነው እየተጎተትን ሄደን በርበሬው ውስጥ የገባነው።

ዓይኔን ስገልጥ ሁሉ ነገር ቀይ ነው፤ በርበሬውን ከደሙ መለየት አቃተኝ። እግሬ ተሰብሯል። ቁስሌ ውስጥ የገባው በርበሬ ሲያንገበግበኝ ጮህኩ። ጀማል አልጮኸም። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። ሄልሜቱም የእኔ ክርን ላይ እንዳለ ነው። ክርኔን አንዲት ጭረት አልነካውም።

ሚኒባሱም የጭነት መኪናውም ሄደዋል። ሰዎች ከየማሳው እየሮጡ መጡ። አንድ ገበሬ ዛላውን በእግሩ ገፋ አደረገና፣ "ይሄ በርበሬ ነው ያንሸራተታቸው" አለ። ከዚያ አየኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ውሸቴ ሲጀመር ቃል እንኳ አልነበረውም። ጀማል ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ፤ ከእንግዲህ የሚያስተባብለኝ ሰው የለም። ለሕግም፣ ለዘመድም፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ ደገምኩት። እየደጋገምኩት ስሄድ ቃላት አገኘ፣ አማረ፣ እኔኑ ራሴን ሊያሳምነኝ ምንም አልቀረው።

የበርበሬው ባለቤት እማማ ነፊሳ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በዚያች መንገድ ዳር ባለች ማሳ የሚኖሩ ሴት። በእኛ ዘንድ ሰው ከሞተ፣ በስህተት እንኳ ቢሆን፣ ደም ነው። ደም ያለበት ሰው ከሟች ቤተሰብ ጋር አንድ ገበያ አይውልም፣ ከአንድ ቦኖ ውሃ አይቀዳም፣ ለቅሶ አይደርስም። ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቀው ፊቱን አያሳያቸውም። ያ ደም የእኔ ነበር። ከእንሴኖ መራቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን ደሙ ወደ እማማ ነፊሳ ዞረ።

እሳቸው ቤታቸውን ዘግተው ሲቀመጡ እኔ እግሬ በጀሶ ታስሮ የጀማል ቤት ለቅሶ ላይ ፍራሽ ተነጠፈልኝ። የጀማል እናት በእጃቸው አጎረሱኝ። "አንተን ያተረፈልኝ አላህ ይመስገን። የልጄን ሽታ ካንተ ላይ አገኛለሁ" አሉኝና አለቀሱ። ጎረስኩ። እንዴት ዋጥኩት? እስከ ዛሬ አላውቅም።

የእማማ ነፊሳን በርበሬ የሚገዛ ጠፋ። "ደም የነካው ነው" ተባለ። እንሴኖ ገበያ መውጣት አይችሉም፤ የጀማል ቤተሰብ እዚያ አለ። የሆነውን ሁሉ እሰማ ነበር። እንጀራቸው በእኔ አፍ እንደተዘጋ አውቅ ነበር። ማወቄን ነው የምላችሁ።

ከወራት በኋላ በጀማል አባት ደጅ ዕርቅ ተቀመጠ። ዳኝነቱን የያዙት ሐጂ ሽኩር ነበሩ፣ በአካባቢው የሚከበሩ ሽማግሌ። ሁላችንም ተቀምጠናል። እማማ ነፊሳ ብቻ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

"ነስሩ ልጄ" አሉኝ ሐጂ፣ "በቦታው የነበርከው አንተ ነህ። አላህን ፍራና ተናገር። ምን ሆናችሁ?"

የጀማል ወንድሞች ፊት ለፊቴ ነበሩ። ሁሉም ያየኛል። "በርበሬው አንሸራተተን" አልኩ።

የጀማል አባት ካሳ አንፈልግም አሉ። የጀማል እናት፣ "አላህ የጻፈው ነው። አፉ ብያለሁ" አሉ። እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እማማ ነፊሳ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተንም በድያለሁ ልጄ። እግርህን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ጓደኛህንም ያሳጣሁህ እኔ ነኝ። አንተም አፉ በለኝ።"

አፉ በእኛ አገር እንዲሁ ለወግ የሚባል ይቅርታ አይደለም። አፉ ከተባለ በኋላ ነገሩ አይነሳም፣ በዚህም ዓለም በአኼራም ተዘጋ ማለት ነው። ያን ጊዜ አፌ ለእውነት ሊከፈት ይችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ በርበሬው ገና ከፊታችን ነበር። እሷን ዋጥኳትና፣ "አፉ ብያለሁ" አልኩ።

እጄን ሳሙኝ። ፋቲሃ ተቀርቶ ዕርቁ ተዘጋ። ያጠፋሁት እኔ፣ ያልበደሉኝን እናት አፉ አልኳቸው።

ለምን አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ፈራሁ። በኋላ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ተመቸኝ። የምታስጠላኝ ይህች የመጨረሻዋ ናት። ወደ ቡታጅራ መጣሁ፣ አገባሁ፣ ባጃጅ ገዛሁ፣ ረጋ ብዬ እነዳለሁ። ቀስ ማለቴን እንደ ንስሐ ቆጠርኩት። ጀማል ቀስ በል ያለኝ ያኔ ነው፤ አሁን ቀስ ማለቴ ለእሱ ምን ይፈይድለታል? ለእማማ ነፊሳስ?

እሳቸው ከዚያ ወዲህ አንዲት ዛላ አስፋልት ዳር አስጥተው አያውቁም። ግቢያቸው ጥላ ይበዛዋል፤ በርበሬው ቶሎ አይደርቅም። አንድ ዓመት ዝናቡ ያለ ወቅቱ መጣና ሁሉም ሻገተባቸው። ይህ ሳያንስ፣ ወቅቱ ሲደርስ በየጎረቤቱ እየዞሩ፣ "እኔ ሰው ገድያለሁ፣ እናንተ አትግደሉ። በርበሬያችሁን ከመንገድ አንሱ" ይላሉ። ይህንን የነገረችኝ አንዲት ተሳፋሪዬ ናት። የምታወራው ለማን እንደሆነ አታውቅም። "ምስኪን፣ ደግ ሴት ናቸው" አለች። "አዎ፣ ናቸው" አልኳት፣ መንገዴን እያየሁ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ነፊሳ ታመው ሊያዩኝ እንደሚፈልጉ ተላከብኝ። ሄድኩ። ከስተው አልጋው ውስጥ ጠፍተዋል። አጠገባቸው ማን እንደተቀመጡ ታውቃላችሁ? የጀማል እናት። ከዕርቁ በኋላ እንደ እህትማማች ሆነዋል፤ አጥሚት በማንኪያ እያቀመሷቸው ነበር።

"መጣህልኝ ልጄ" አሉኝ እማማ ነፊሳ። "አሁን መሄዴ ነው። ያንን ነገር አስባለሁ። እሷ ደግማ አፉ ብላኛለች። አንተም እስቲ አንዴ ድገምልኝ፣ ቀልሎኝ ልሂድ።"

የጀማል እናት በዓይናቸው ለመኑኝ። አፉ በላት፣ የሚሉ ይመስላሉ።

"አፉ ብያለሁ እማማ" አልኩ።

"ተመስገን" አሉ። "አሁን ቀለለኝ።" እንደ ያኔው እጄን ሳሙኝ።

ስለዚህ የድሮ በደል ነው የምናዘዘው ብላችሁ አትዘኑልኝ። ያለፈው ሳምንት በደል ነው። ስወጣ ለራሴ የነገርኩትንም ስሙ። ሊሞቱ የተቃረቡ ሰው ናቸው፣ አሁን ምን ያስጨንቃቸዋል፣ ቀለለኝ ብለዋል፣ ተዋቸው አልኩ። አያችሁ እንዴት ደግ እንደሆንኩ? ለራሴ የምሳሳውን መሳሳት በእሳቸው ስም ጠራሁት። የቀለላቸው እኔ ከጫንኩባቸው ሸክም ጥቂቱን ነው። ሰው እንደገደሉ አምነው ሊቀበሩ ነው። እዚያም ሄደው ጀማልን አፉ በለኝ ሊሉት ነው። ጀማል ደግሞ ያውቃል፤ ቀስ በል ያለኝ እሱ ነው።

ባጃጄን ቆም አድርጌ አለቀስኩ። ከዚያ ቤቴ ሳልገባ ወደ ሐጂ ሽኩር ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል።

"ሐጂ፣ ዕርቅ እንዲቀመጡልኝ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"ማንና ማን ተጣላ?"

"እኔና እማማ ነፊሳ።"

ግር አላቸው። "እናንተማ አፉ ተባብላችኋል። እኔው ነኝ ያስቀመጥኳችሁ። አፉ የተባለ ነገር አይነሳም፣ አታውቅም እንዴ?"

"የእኔው ይነሳል ሐጂ። የጀማል ቤተሰብም ይምጡ፣ ወንድሞቹም ሁሉም ይምጡ። የምናገረው አለኝ።"

ትኩር ብለው አዩኝ። "እሺ" ብቻ አሉ፣ ግን ድምፃቸው እንደ ቀድሞው አልነበረም።

ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ እማማ ነፊሳ ቤት እንቀመጣለን፤ እሳቸው መነሳት ስለማይችሉ። የጀማል ወንድሞች ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። የጀማል እናት ያጎረሱኝን ጉርሻ ሁሉ አስታውሰው ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ከእነሱም ከሕግም የሚመጣውን እቀበላለሁ። ባጃጄን የሚነዳው ሰው ካስፈለገ ለሚስቴ ወንድም አስረክበዋለሁ። ዛሬ ማታ ለሚስቴ እነግራታለሁ፤ ይህን የጻፍኩት ምላሴን ለማፍታታት ነው።

እናንተን አፉ በሉኝ አልላችሁም። ነገም በዚያ አልጀምርም፤ አፉ መባልን ለመለመን ገና አልደረስኩም። ጫማዬን አውልቄ፣ ያኔ እሳቸው እንደቆሙት እቆማለሁ። መጀመሪያ የሰጠኋቸውን መልሼ መውሰድ አለብኝ። ቃሉን ሳነዳ ሳነዳ ስለማመደው ዋልኩ፤ እንዲህ ነው የምላቸው፦

እማማ ነፊሳ፣ ሁለት ጊዜ አፉ ብያለሁ ብዬዎታለሁ። አፉ የምልዎት ነገር አልነበረኝም። እርስዎ ምንም አላደረጉኝም።