የኦይታ አረንጓዴ የእሳት እራቶች

ኦይታ ዘበኛ ከመሆኑ በፊት ሸማኔ ነበር። ከሴቻ ሰፈር በታች ባለችው ትንሽ የነፍሳት ምርምር ጣቢያ በር ላይ የተቀመጠው ሪህ ጉልበቱን ይዞት፣ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ መውረድ ሲያቅተው ነው። ዓይኑ ግን የሸማኔ እንደሆነ ቀረ።

ጠዋት ጠዋት ከበሩ መብራት ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚያድሩትን ትናንሽ አረንጓዴ የእሳት እራቶች እያነሳ፣ በስፒል እየወጋ ሳጥን ውስጥ ይደረድራል። ጣቢያው ሁሉንም በአንድ ስም መዝግቧቸው ነበር። ኦይታ ግን ክንፋቸው ላይ ያለችውን ነጭ መስመር እንደ ጥለት አያት፤ የአንደኛዋ ቀጥ ያለ፣ የሌላዋ የተጥመለመለ። ዓይኔ አታሎኝ ይሆናል ብሎ ትሎቻቸውን ከቁጥቋጦ ለቅሞ በጠርሙስ አሳደገ። በስንዝር እንደሚለካ እጅ ጀርባቸውን እያጠፉና እየዘረጉ የሚሄዱ ትሎች ናቸው። ቀጥ ያለ መስመር ያላት፣ በትልነቷ የአበባ ቅጠል እየቆረጠች ጀርባዋ ላይ ትለብሳለች። ሌላዋ ራቁቷን ትውላለች። አራት ዓመት አሳደገ፤ አንድ ጊዜም አልተዛነፈም።

አዲሱ ኃላፊ ዶክተር ሶፎንያስ የተማረው ስለ ወባ ትንኝ ነው። ኦይታን በአፉ ጋሼ እያለ አንተ ይለዋል።

«ከአዲስ አበባ ባለሙያ ትመጣለች። ሁለት ዓይነት ናቸው ካለች፣ ከበር አንስቼ የነፍሳቱ ሳጥን ክፍል ሠራተኛ አደርግሃለሁ፣ ጋሼ።»

ኦይታ ለሚስቱ ለልክነሽ ብቻ ነገራት። እሷም ሸሚዙን አጠበች።

በዋዜማው ዶክተሩ ሳጥኑን ከፈተ። «ክንፋቸው ተጣሟል እኮ! እርጥብ አሸዋ ያለበት ዕቃ ውስጥ ይደሩና ይለስልሱ። ነገ እንዘረጋቸዋለን።»

«ይቅርታ፣ ዶክተር፣ አረንጓዴው እርጥበት አይችልም። አንዴ ሞክሬ ቀለሙ ገለባ ሆኖብኛል።»

«ዘበኛ ነህ ወይስ ፕሮፌሰር? ትንኝ ሁሌ እንዲህ ነው የምናለሰልሰው።»

«ትንኝ ምን ቀለም አለው ብለው ነው፣ ዶክተር?»

አጠገባቸው የነበረችው የጣቢያው ጸሐፊ ሳቀች። ዶክተሩ አልሳቀም። «እንግዲያው በገዛ እጅህ ታስገባቸዋለህ።»

እምቢ ቢል ክፍሉ የሚቀርበት መሰለው። አስገባቸው።

በማግስቱ ዕቃው ሲከፈት ሁሉም ገለባ መስለዋል። ነጩ መስመር በነጭ ሸማ ላይ እንደተጣለ ነጭ ጥለት ጠፍቷል።

ባለሙያዋ ዶክተር ሉሊት በማጉያ መነጽር ብዙ አየች። «መስመሩ የታለ፣ ጋሼ?»

«እስከ ትናንት ነበረ።»

«ትሎቹን አሳድገዋል አሉ። እነሱን ላያቸው?»

ኦይታ ወደ መደርደሪያው ዞረ። ጠርሙሶቹ ታጥበው ተደፍተዋል።

«እንግዳ ስለሚመጣ አስጸዳን» አለ ዶክተር ሶፎንያስ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም አራት ዓመት!»

ሉሊት አንገቷን ደፋች። «በዚህ ብቻ ሁለት ናቸው ማለት አልችልም። ይቅርታ፣ ጋሼ።»

መኪናዋ እንደወጣ ዶክተሩ ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋለት። «ጽሕፈትህ ያምራል። የሳጥኑን መለያ አንተ ጻፍ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። በሰብሳቢው አያያዝ ጉድለት የደበዘዙ። ሰብሳቢ፣ ኦይታ፣ ዘበኛ።»

ጻፈ። ፊደሉ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር።

ወደ በሩ ሲመለስ ግድግዳው ላይ አንዲት አረንጓዴ ተለጥፋለች፤ መስመሯ ቀጥ ያለ። ከጎኗ እንሽላሊት ቀስ እያለ ይቀርባታል። እጁን ቢዘረጋ ይደርስባት ነበር። ኦይታ ወንበሩን ሳበና ተቀምጦ ተመለከተ።