«ጾመው ይምጡ»፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በአንዲት የቀጠሮ ወረቀት

ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ፣ በነቢያት ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ወይዘሮ ዘነበች ሰበታ ባለው ቤታቸው አንድ ዳቦ በሻይ በሉ። በዚህ ምክንያት ለ4 ሰዓት ተይዞላቸው የነበረው የካንሰር ምርመራ ሳይደረግ ቀረ።

ወይዘሮ ዘነበች ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሰበታ ገበያ እህል ይነግዳሉ። ውስጥ እግራቸው ላይ የወጣው ጥቁር ቁስል ካንሰር ሆኖ ወደ ብሽሽታቸውና ወደ ሳንባቸው ተሰራጭቷል። የሚወስዱት መድኃኒት ካንሰሩን በቀጥታ አይገድልም፤ የሰውነታቸው መከላከያ ካንሰሩን እንዲያጠቃ ያነሳሳል። አራት ጊዜ ወስደዋል። ከአራተኛው በኋላ በተነሱት፣ መጠንን ብቻ በሚያሳይ ተራ ምስል የብሽሽታቸው እብጠት አድጎ ታየ። ይህ እድገት ካንሰሩ መበርታቱን ሊያሳይ ይችላል፤ የመከላከያ ሕዋሳት ገብተውበት ማበጡንም ሊያሳይ ይችላል። ካንሰሩ ከሆነ መድኃኒቱ ይቆማል። ሐኪማቸው ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ሌላ መድኃኒት እንደሌላቸው ነግረዋቸዋል።

ሁለቱን ለመለየት የታዘዘላቸው ምርመራ ሱሉልታ መንገድ ላይ ባለ ማዕከል የሚሰጥ ነው። በደም ሥር ጨረር የሚሰጥ ስኳር ይወጋል። ስኳር በብዛት የሚበላ ሕዋስ በካሜራው ደምቆ ይታያል። ታካሚው በልቶ ከመጣ ምስሉ ይበላሻል። የሚወጋውም ነገር አይጠብቅም፤ በዚያው ጠዋት ተሠርቶ ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የኃይሉን ግማሽ ያጣል።

እኔ ስለ ምርመራው ለመዘገብ በዚያ ማክሰኞ ማዕከሉ ውስጥ ነበርኩ። የምርመራ ባለሙያው ብርሃኑ «እናቴ፣ ጾመዋል?» ሲላቸው «እንዴታ!» አሉ። ጣታቸውን ወግቶ ለካና «ስኳርዎ ከፍ ብሏል» አላቸው።

«ስኳር የለብኝም። ግፊት ነው ያለብኝ።»

«ዛሬ ምን በሉ?»

«የጾም ነው የበላሁት። ቅቤ አልነካሁ፣ ወተት አልነካሁ።»

ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው «ጾመው ይምጡ» የሚል ብቻ ነበር። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ተመሳሳይ ምርመራ ሲያደርጉ ልጃቸው ቤት ስላደሩ ቁርስ የሰጣቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ያኔ ስህተቱ አልታየም። ቀጠሮው ለሳምንት ተላለፈ። በሁለተኛው ማክሰኞ ከቤታቸው በር ጀምሮ አብሬያቸው ለመሄድ ጠየቅኩ፤ ፈቀዱልኝ።

ሰበታ፣ 12 ሰዓት ከ10

ጉም አለ። የፋብሪካ ሰርቪሶች ሠራተኛ እየለቀሙ ነው። ጎረቤታቸው ኦቦ ገመቹ መኪናቸውን እስከ በሩ አስጠግተው ቆመዋል፤ ታካሚዋ ብዙ እንዳይራመዱ ተነግሯል፣ የሠራ ጡንቻም ስኳር ይበላልና።

«አካም ቡልተን፣ እትዬ ዘነቡ!» አሉ፣ እንዴት አደሩ ሲሉ በኦሮምኛ። «ዛሬስ ዳቦ የለም?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ገመቹ። ዳቦዬ በሰበታ ሁሉ ስሙ ወጣ አይደል?»

«ዓለም ገናም ደርሷል።»

ዓለም ገና ላይ ባጃጆችና ሚኒባሶች መንገዱን ዘግተው ሃያ ደቂቃ ቆምን። ወይዘሮ ዘነበች አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሕመማቸው አነሱ። እጃቸውን ብሽሽታቸው ላይ አድርገው «ይቺን እብጠት ጠዋት ጠዋት እዳብሳታለሁ» አሉኝ። «አደገች እንጂ አልከፋችም። አታመኝም። ለሐኪሙ ይህን ስነግረው ይጽፈዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም።»

ቡራዩ፣ 1 ሰዓት ከ50

በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባን። ልጃቸው ሰናይት የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ትሠራለች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከመሳፈሯ በፊት እናቷን ፈተሸች። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ቆሎ ወጣ።

«እማዬ!»

«ለመልስ ነው።»

ቆሎውን ለኦቦ ገመቹ ሰጠችና የውሃ ጠርሙስ ከፈተች። «ጠጪ። በስልክ ጠይቄያለሁ፣ ውሃ ግድ ነው።»

«በጾም፣ በጠዋት?»

«የንስሐ አባትሽ ፈቅደውልሽ የለ?»

«ለመድኃኒት ነው የፈቀዱት።»

«ይኸው መድኃኒት!»

ኦቦ ገመቹ ቆሎውን እየቆረጠሙ «እኔም ለእርስዎ ብዬ ነው የምበላው» አሉ። ወይዘሮ ዘነበች ጠርሙሱን አጋመሱት።

ሱሉልታ፣ 3 ሰዓት ከ15

ከቡራዩ ወደ ከተማው ተመልሰን እንጦጦን ወጣን። ወደ ሱሉልታ ሲወርዱ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ጭድ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ፣ ሯጮች በመንገዱ ዳር በመስመር ይሮጣሉ። ነፋሱ ስለት አለው። ብርድም የአንገት አካባቢን ስብ በምስሉ ላይ እንደሚያደምቅ ተነግሮን ስለነበር መስኮቶቹ ተዘግተዋል።

ማዕከሉ ስንደርስ ብርሃኑ «ምን በሉ?» ሲል ጠየቀ። ጾም የሚለውን ቃል አልተጠቀመም።

«ከትናንት ማታ ወዲህ ውሃ ብቻ። ለዚያውም በግድ።»

የጣታቸው ልኬት ጥሩ ነበር። 4 ሰዓት ላይ ተወጉ። ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ብቻቸውን፣ በጸጥታ አንድ ሰዓት እንዲተኙ ተነገራቸው። «ስልክ የለም፣ ወሬ የለም» አለ ብርሃኑ። 5 ሰዓት ከ5 ላይ ወደ ካሜራው ገቡ።

ምስሉን የምታነበው ሐኪም አዲሱን ምስል ከቀድሞው ጎን ከፈተች፤ በታካሚዋ ፈቃድ አጠገቧ ቆምኩ። በቀድሞው ምስል ሳንባ ላይ የነበሩት ሁለት ደማቅ ነጥቦች በአዲሱ አይታዩም። የብሽሽቱ እብጠት በመጠን አድጓል፤ ድምቀቱ ግን ከበፊቱ በጣም ቀንሷል። ካንሰሩ የተዳከመ ይመስል እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ይህ ምስል ስኳሩን ማን እንደበላው አይነግረኝም። ምን ያህል እንደተበላ ብቻ ነው የሚነግረኝ። እዚህ የተበላው ትንሽ ነው። ደግ ምልክት ነው።»

ከዚያ ምስሉን ወደ ላይ ገፋች። ጉሮሮ ላይ በቀድሞው ምስል ያልነበረ ድምቀት አለ። አዲስ ቦታ ላይ የወጣ ካንሰር ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። ተነሥታ ወደ ታካሚዋ ሄደች።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ተኝተው ሳለ ስልክ አውርተዋል?»

«ምን በወጣኝ! ከማንም ጋር አላወራሁም።»

«አንጎራጉረዋል? ዘፍነዋል?»

«በጾም ነው የምዘፍነው?»

በሩ ላይ የቆመችው ሰናይት ተጠጋች። «እማዬ፣ ጸሎት አድርሰሻል?»

«እሱማ ጸሎት ነው፣ ወሬ ነው እንዴ?»

«በድምፅ?» አለች ሐኪሟ።

«በለሆሳስ። የማክሰኞን ውዳሴ ማርያም ጨርሼ የረቡዕን ጀምሬ ነበር።»

ሐኪሟ ወደ ምስሉ ተመለሰች። ድምቀቱ በድምፅ ጡንቻዎች ላይ ነው፤ የግራውና የቀኙ እኩል ነው። «ካንሰር እንዲህ በእኩል አይካፈልም» አለችኝ። ቢሆንም የታካሚዋን አንገት በእጇ ዳበሰች፣ ጉሮሯቸውንም ሌላ ሐኪም በመሣሪያ እንዲያየው አደረገች። ምንም አልተገኘም።

መልስ

ሰናይት በሌላ መኪና ሄደች፤ የተወጋው ጨረር እስኪቀንስ ነፍሰ ጡር አጠገባቸው እንዳትቀመጥ ተነግሯል። ወይዘሮ ዘነበች ከመስኮቱ እጃቸውን አወዛወዙላት። ከእንጦጦ ቁልቁል ላይ «ቆሎዬ የት አለ?» ሲሉ ኦቦ ገመቹ «በልብ ጸልዩ እንጂ አትናገሩ ተብሏል» አሉ። ቆሎው አልቆ ነበር። ሰበታ የገባነው 10 ሰዓት ከ25 ላይ ነው።

በዚህ ጉዞ የተማርኩት ለሥራዬ የሚሆን ነገር ነው፤ አንድ ሰው «አዎ» ሲለኝ ምኑን አዎ እንዳለ መጠየቅ አለብኝ። ባለፈው ማክሰኞ «ጾመዋል?» ሲባሉ «እንዴታ!» ያሉትን እኔም ሰምቼ መዝግቤ ነበር።

በማግስቱ ወደ ማዕከሉ ደወልኩ። የቀጠሮው ወረቀት ተቀይሯል። አሁን «ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ከንጹህ ውሃ በስተቀር ምንም አይብሉ፣ አይጠጡ፤ የጾም ምግብም ቢሆን» ይላል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «ጸሎት በልብ» ተብሎ ተጨምሯል።

የምርመራው ውጤት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለሐኪማቸው ደረሰ። ጉሮሮን በሚመለከተው መስመር ላይ «በንግግር ምክንያት» የሚል ተጽፏል። ሐኪማቸውም መድኃኒቱ እንዲቀጥል አዘዙ፤ አምስተኛው ዙር ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ተጀምሮ 4 ሰዓት ከ10 ላይ አለቀ።