ሳጅኑ «ቅመስ» ያሉኝ አተካና

ባለፈው ረቡዕ ረፋድ ላይ በአንድ እጄ ሳህን፣ በሌላው የባጃጁን ብረት ጨብጬ ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ እየተንገጫገጭኩ ነበር... ሳህኑ ውስጥ አተካና አለ። ለማታውቁት፣ ቡላ በቅቤና በአይብ ተለውሶ የሚሰራ የሀድያ ምግብ ነው። ሽታው ብቻ ያጠግባል። እኔ ደግሞ ሁዳዴ እየጾምኩ ነው፣ እህል የምቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አፍንጫዬን ወደ ውጭ አዙሬ ሄድኩ።

ምግቡ የማቲዎስ ነው። ማቲዎስ አብሮ አደጌ ነው፣ እነሱ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ሁዳዴ አይመለከታቸውም። ባጃጅ ሲነዳ የአንድ ገበሬ በሬ ገጭቶ በሬው ሞተ፣ እሱም እዚያው ገጠር ያለች አንዲት ትንሽ ፖሊስ ጣቢያ ታሰረ። ስንቅ የሚያመላልሱት እናቱ ነበሩ። ያን ቀን ግን ሽማግሌ ይዘው የበሬውን ባለቤት ሊለምኑ ስለሄዱ ሳህኑን ለእኔ ሰጡኝ።

«በጊዜ ድረስለት እሺ የኔ ልጅ፣ የስኳር መርፌውን ተወግቶ ነው ምግብ የሚጠብቀው» አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። በጊዜ ግን አልደረስኩም። የእኔው ባጃጅ ሾፌር ሰው ካልሞላ አልንቀሳቀስም ብሎ ገትሮኝ ቆየ።

ጣቢያዋ አንድ ሳጅንና አንድ ክፍል ናት ማለት ይቻላል። ክፍሏ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበረች አሉ፣ ጣሪያዋም በሯም ቆርቆሮ፣ መስኮቷ ከሁለት መዳፍ አይበልጥም። ስምንት ሰው ታጭቆባታል። ፀሐይ ከፍ ስትል ስለምታፍን ሳጅኑ ቀን ቀን የቆርቆሮውን በር ከፍተው የብረት ፍርግርጉን ብቻ ይቆልፋሉ። ፍሪጅ ስለሌለም የማቲዎስን መድኃኒት እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡለት። ይህን ሳይ እኚህስ ሰው ናቸው አልኩ በሆዴ።

ሳህኑን ስዘረጋላቸው ግን ማንኪያ አቀበሉኝ።

«ቅመስ።»

«ምኑን?»

«ያመጣኸውን ነዋ። ያመጣው ሰው ሳይቀምስ ምግብ አይገባም።»

«ሳጅን፣ እኔ ጾመኛ ነኝ። የሰሩት እናቱ ናቸው፣ ምን ይገኝበታል ብለው ነው?»

«እናቱ ሲመጡ ራሳቸው ይቀምሳሉ። በሬ የሞተበት ሰውዬ ተቆጥቷል፣ መንገድ ላይ ማን ምን እንደጨመረበት እኔ በምን አውቃለሁ? ይሄ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። ግን እኔም ሁዳዴን ሽሬ አላውቅም። እኛ ቤት የታመመ ሰው እንኳ ስንት ተለምኖ ነው የሚገድፈው። ሲጨንቀኝ «እንግዲያው እርስዎ ይቅመሱልኝ» አልኳቸው። ሳጅኑ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ገለጥ አድርገው ማተባቸውን አሳዩኝ።

ሁለት ጾመኞች በአንድ ሳህን ቅቤ ላይ ተፋጠጥን...

የታሸገ ብስኩት ባገኝ ብዬ ፊት ለፊት ወዳለችው ሱቅ ዞርኩ። ተዘግታለች። ባለቤቷ ለቅሶ ሄደዋል፣ ሌላ ሱቅ ደግሞ በቅርብ የለም።

በዚህ መሀል ከውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ እስረኛ «ሳጅን፣ ልጁ ላብ በላብ ሆኗል» አሉ።

ወደ ፍርግርጉ ተጠጋሁ። ማቲዎስ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስሙን ስጠራው አየኝ፣ ግን ማን እንደሆንኩ የገባው አይመስልም። መርፌውን ከተወጋ ቆይቷል፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ስኳሩ እየወረደ ነው። ፈራሁ።

«እኛ እንቅመስለት» አሉ እስረኞቹ እየተሻሙ።

«እናንተም በእኔ እጅ ናችሁ» አሏቸው ሳጅኑ። «ብትታመሙ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ከዚያ በኋላ ምንም አላሰብኩም። ማንኪያውን ሞላ አድርጌ ጎረስኩ።

«ዋጠው» አሉኝ። ዋጥኩ። «አፍህን ክፈት» አሉኝ። ኪኒን እንደሚሰጠው ሕፃን ከፈትኩ።

ሳጅኑ ወዲያው ፍርግርጉን ከፍተው ራሳቸው ገቡ። ሽማግሌው የማቲዎስን ጭንቅላት ደገፉ፣ ሳጅኑ በትንሽ በትንሹ አጎረሱት። ደግነቱ መዋጥ አላቃተውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በቅቤ አፌ «እግዚኦ» እላለሁ...

ቆይቶ ቆይቶ ላቡ ደረቀ። ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረና አተኩሮ አየኝ።

«አንተ... ሁዳዴ አይደለም እንዴ? ጢምህ ላይ ቅቤ አለ» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፣ ፊቴን አዙሬ ጠረግኩት።

የተረፈውን እስረኞቹ ተካፈሉት። ለእኔም «ይሄ የድካምህ ነው» ብለው ከሳህኑ ጥግ ላይ አስቀሩልኝ። ስወጣ ሳጅኑ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ብታንገራግር ኖሮ እኔ ልቀምሰው ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምነው ቀድመው አልቀመሱትም?»

«ቅድሚያ ለእንግዳ ነው» አሉኝ ፈገግ ሳይሉ።

እናቱ ይዘዋቸው የሄዱት ሽማግሌዎችም ቀናቸው፣ የበሬው ባለቤት እሺ አለ፣ ማቲዎስ በማግስቱ ወጣ። አሁን ደህና ነው፣ ያየውን ሰው ሁሉ እያስቆመ ስለ ጢሜ ያወራል።

የመጀመሪያዋን ማንኪያ ለንስሐ አባቴ ሳልፈራ እነግራቸዋለሁ፣ ሰው ላተርፍ ነው የጎረስኳት። የመልስ ባጃጅ ስጠብቅ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ማንም ቅመስ ሳይለኝ፣ ሳህኑን አብሼ የጨረስኩትን ግን... እሱን ከየት እንደምጀምርላቸው እስካሁን አላገኘሁትም።