ሞላው እንዳይደክም

ታች ቤት የገባው ሰውዬ ስሙን ለማንም አልነገረም። ጎረቤቱ ግን ፎቅ ላይ ልብስ ስታሰጣ እጆቹን አጥንታቸዋለች። ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ጥፍሩ የተሞረደ ሰው ነው። አዲሱን የአየር ጠመንጃ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ የፋብሪካውን ቅባት ከአፈሙዙ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ደጋግሞ ሲጠርግ፣ ሕፃን የሚያጥብ ይመስላል። «ለዕቃ እንዲህ የሚሳሳ፣ ለሰውማ እንዴት ይሆን!» ብላ በሚስቱ ቀንታ ነበር።

ሰሞኑን ቆርቆሮ ላይ ሲተኩስ ሰነበተ። መጀመሪያ የተረፈው ቅባት እየተቃጠለ ጭስ ይተፋ የነበረው ጠመንጃ አሁን ድምፁ ለስልሷል። «አዲስ ነገር አይቸኮልበትም፤ ቀስ እያለ ነው የሚገራው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሚስቱን «አንቺ!» ነው የሚላት። እሷ ጠዋት ጠዋት ለርግቦች ስንዴ ትበትናለች፤ ትከሻዋ ላይ ሳይቀር ያርፋሉ። ጎረቤቷ ስትስቅ ያየቻት ያኔ ብቻ ነው።

ዛሬ ሰውዬው የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ ታች አጥፎ፣ ጥይቱን የሚገፋውን የብረት ሞላ ወጠረ፤ ጥይት አጎረሰው።

«አንቺ! ስንዴሽን ይዘሽ ነይ።»

ሚስቱ ወጥታ ስንዴውን በተነች። ርግቦቹ እሷን አምነው ወረዱ። ጎረቤትየዋ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሚስቲቱ ወደ ቤት ልትገባ ዞር አለች።

«እዚያው ቁሚ! አንቺ ከሌለሽ ይበራሉ።»

«ጋሼ፣ እባክዎን… ምን አደረጉዎት?» አለች ሚስቱ።

ሰውዬው ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳርፎ፣ ጎረቤቲቱ ሰምታው በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ መለሰላት።

«ዝም ብለሽ ቁሚ። ሞላው ተወጥሮ ከቆየ ይደክማል፤ አያሳዝንሽም?»