የጋሽ ካርታ ለምለም ሜዳ

ሰፈሩ «ጋሽ ካርታ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጋ ለደጋ እየዞረ የኮረብታውን፣ የገደሉንና የምንጩን ስም ለካርታ ሥራ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ቀላል ነበር፤ ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቅ፣ ሁለቱ የተስማሙበትን ጻፍ። እሱም ደንብ ሲያከብር ለጉድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አጉል ብልጠት አማረው።

ከአንድ ተራራ ጀርባ ዓይን የሚያጠግብ ሣር የለበሰ ሜዳ አገኘ። ሦስት ሰው ጠየቀ፤ ሦስቱም «ሰው በላ» አሉት። ለምን እንደተባለ እንኳ አልጠየቀም እኮ! «ወይ ጉድ፣ ይህን የመሰለ ሜዳ እንዲህ ተብሎ ይሰደባል?» ብሎ ሳቀና «ለምለም ሜዳ» ብሎ ጻፈ።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የቀድሞ ባልደረባው መርዶ የመሰለ ወሬ ይዞለት መጣ። አንድ የመብራት መስመር ዘርጊ ካርታውን አምኖ በዚያ ሜዳ አቋርጦ ሊሄድ ሲል ሣሩ ከእግሩ ሥር ከዳው። ከሣሩ በታች ረግረግ ነበር፤ ሰው ደርሶ ሲያወጣው ሞቷል። ሰውየው ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ከወረቀቱ ሌላ መካሪ አልነበረውም።

ጋሽ ካርታ ያኔውኑ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ስሙን «ሰው በላ» ብሎ አሳረመ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እህል አልወርድ አለው። በተቀመጠበት ሁሉ ወለሉ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ይመስለዋል። ሚስቱ «ኧረ በሞቴ፣ ምን ነካህ?» ስትለው እግሩን ወንበር ላይ ይሰቅላል። ጥፋቱን ለሟቹ ሚስት በአፉ ካልተናዘዘ ሰላም እንደማያገኝ ገባው፤ ጠያይቆ ቤቷ ሄደ።

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወንበር ሳበችለት። ከባሏ ኪስ የወጣው ካርታ ጭቃው እንደደረቀ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«እኔ እዚያ ካርታ ላይ ሠርቻለሁ» አለ። ቀሪውን ከመናገሩ በፊት እሷ ቀደመችው።

«አይዞዎት አባቴ» አለችው። «ይኸውልዎት፣ ልጄ ‹አባቴ የት ነው የሞተው?› ስትለኝ፣ ‹ለምለም ሜዳ ላይ› እላታለሁ። ይህን ስትሰማ ትተኛለች። ስሙን ያወጣለትን ሰው እግዜር ይስጥልኝ።»

ሦስቱ ሰዎች የነገሩት ስም ምላሱ ላይ ነበር። ልጅቷ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው።

«አሜን» አለ ጋሽ ካርታ፣ እግሮቹን ከወለሉ እያነሳ። የታረመው ካርታ ግን ማተሚያ ቤት ከገባ ሳምንቱ ነበር።